ደመወዛችን ለሁለት የተሰነጠቀበት ዓመት

ሪያድ ውስጥ ሥራዬ መጋረጃ መስቀል ነበር። ሱቁ መላዝ የሚባል ሰፈር ነው፤ ስፌቱ የሚሠራበት ቤት ደግሞ ዐዚዚያ፣ ከጋራዦችና ከጭነት መኪና ማቆሚያዎች መሀል። የእኔ ድርሻ የተሰፋውን ይዞ የሰው ቤት መግባት፣ መሰላል ላይ መውጣት፣ ግድግዳ መብሳትና ሰቅሎ መውረድ ነው። እዚያ አገር ሰው ትልልቅ መስኮት ያሠራል፤ ከዚያ በሦስት ድርብ ጨርቅ ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራል። ቅሬታ የለኝም። ከፀሐይ ጋር የተጣላ ሰው ሁሉ የእኔ ደንበኛ ነበር።

ብቻዬን አልሠራም ነበር። መስኮት የምትለካውና ጨርቅ የምታስመርጠው ሁላችንም እትዬ የምንላት የደብረ ዘይት ሴት ናት። የመላዝ እመቤቶች ሜትር የያዘ ወንድ መኝታ ቤታቸው ውስጥ እንዲንጎራደድ አይፈልጉም፤ ስለዚህ በመኪናዬ አደርሳታለሁ፣ እሷ ቀድማ ትገባለች፣ ትለካለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ ስለ ባሎቻቸው ትሰማለች፤ እኔ ከሳምንት በኋላ ሴቶቹ ወደ ሌላ ክፍል ሲዘዋወሩ ገብቼ ሰቅዬ እወጣለሁ። ከእኔ በፊት ጥቂት ዓመት ሠርታለች። ትክክለኛ ዕድሜዋን የሚያውቀው የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ ብቻ ነው፤ እሱንም በጨርቅ ቦርሳ ጠቅልላ ትይዘዋለች።

ከፊላችን፣ ማለትም ዋስ ሆነው ያስመጡን አሠሪ፣ ሽማግሌ ሳዑዲ ነበሩ። የመኖሪያ ወረቀታችን በእሳቸው ስም ነው፣ ደመወዛችንም ከእሳቸው እጅ ነው። ስለ ገንዘብ የጠየቃቸውን ሁሉ በሁለት ጣታቸው አንገታቸውን ነካ አድርገው «ሐቅህ አንገቴ ላይ ነው» ይሉታል። የዚያን ሁሉ ሠራተኛ ሐቅ አንገታቸው ላይ ጭነው እንዴት ቀጥ ብለው እንደሚሄዱ ይገርመኝ ነበር። ግን አይዋሹም። ሰው ሲሰናበት እየተነጫነጩም ቢሆን ይከፍላሉ፤ አንዳንዱንም አቅፈው ያለቅሱለታል። የሚያለቅሱት ለሰውየው ይሁን ለገንዘቡ ማንም አልጠየቃቸውም።

ሰው ሲያሰናብቱ የሚሰጡት ያ ክፍያ በዐረብኛ ረጅም ስም አለው፤ እኛ አሳጥረን ኺድማ እንለዋለን። የአገልግሎት ዘመን ዋጋ ማለት ነው። እንደ አገራችን ጡረታ በየወሩ እስክትሞት አይመጣም፤ አንድ ጊዜ ይሰጥሃል፣ ከዚያ ደህና ሁን ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የሙሉ ወር። ዋናው ነገር ግን የትኛው ደመወዝ የሚለው ነው። የመጨረሻው። ገና ሥራ ሳታውቅ፣ በትንሽ ደመወዝ መሰላል እየያዝክ ያሳለፍካቸው ዓመታት ሁሉ የሚታሰቡት በመጨረሻ ስታገኝ በነበረው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ደመወዝህ አንዴ ሲጨመር የወደፊትህ ብቻ ሳይሆን ያለፈውም ዓመትህ አብሮ ይወፍራል። አሠሪ ይህን ሲያስብ እንቅልፍ ያጣል። ሌላም አለ፤ ራስህ ለቅቀህ ከሄድክ ይቀንሱብሃል፣ አስር ዓመት ከሞላህ ግን በገዛ ፈቃድህ ብትወጣም ሙሉውን ትወስዳለህ።

ይህን ያኔ አላውቅም። ያኔ ስለ ኺድማ የማውቀው አንድ ቀን እንደሚሰጥና በእሱም ናዝሬት ውስጥ ቤት እንደሚሠራ ብቻ ነው። ቤቱን በሐሳቤ ሠርቼ፣ ሁለተኛ ፎቅ ጨምሬበት፣ አንዱን ክፍል አከራይቼው ነበር።

የምህረቱ አዋጅ ወጥቶ ያ ሁሉ ወረቀት አልባ ሐበሻ ሻንጣውን ባሰረ በዓመቱ ግድም ይመስለኛል፣ ሽማግሌው ጉልበታቸውን ታመው ቤት ዋሉ። ሱቁን ልጃቸው ያዘው። ውጭ አገር ንግድ ተምሮ የመጣ፣ ሽቶው ከእሱ ሦስት እርምጃ ቀድሞ የሚገባ ወጣት ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ግድግዳው ላይ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ነበር። ከእኔ ጋር ዐዚዚያ የሚኖረው ፓኪስታናዊ ልብስ ሰፊ አስተረጉሞ ሰማና ደስ አለው። እኔ ትንሽ ሰጋሁ። በቤተሰብ መሀል ደመወዝ የሚባል ነገር አላውቅም።

ልጁ ብቻውን አልነበረም። ኡስታዝ የምንለው ግብፃዊ የሒሳብ ሠራተኛ አለ። ሽማግሌው ሱቁን ሲከፍቱ ጀምሮ የነበረ፣ ከሁላችንም በላይ የቆየ፣ ሱሪውን እስከ ደረቱ የሚታጠቅ ሰው ነው። የልጁን ሐሳብ ወደ ወረቀት የሚለውጠው እሱ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሁላችንንም ዐዚዚያ ሰበሰቡን። መሬቱ ላይ ላስቲክ ተዘርግቶ፣ ላዩ ላይ ሙሉ በግ የተጋደመበት የሩዝ ትሪ ቀረበ። እዚያ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሙሉ በግ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ መጠርጠር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር።

ስንበላ ኡስታዝ ቆሞ ቀስ ባለ ዐረብኛ አስረዳን። አዲስ ውል መጥቷል። የማንም ደመወዝ በአንዲት ሃላላ፣ በአንዲት ሳንቲም እንኳ አይቀንስም። ዝም ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ መሠረታዊ ደመወዝ፣ ግማሹ ማበረታቻ ይባላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጭማሪም በማበረታቻው በኩል ይመጣል። ሁለተኛው የምሥራች ደግሞ ያለፉት ዓመታት ኺድማ ዛሬውኑ በጥሬው ይከፈላል።

«ለምን ትጠብቃላችሁ?» አለ ኡስታዝ። «ሰው ነገ መኖሩን ያውቃል? ውሰዱት። ከዚያ ቆጠራው ከአንድ እንደገና ይጀምራል። ኸላስ፣ ንጹሕ ሒሳብ።»

ፓኪስታናዊው ተነስቶ የልጁን ትከሻ ሳመ። እኔም ሩዝ ያለበትን እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ፈረምኩ። ከፊርማው በላይ የበጉ ስብ ወረቀቱ ላይ ደምቆ ይታይ ነበር። ሁሉም ፈረመ፤ ወረፋው እትዬ ጋ ደረሰ።

ልጁ እስክሪብቶውን ራሱ ዘረጋላት። «ያላ ያ ኻላ፣ እዚህ ጋ» አላት።

ኻላ ማለት አክስት ነው። እዚያ አገር ትልቅ ሴትን በአክብሮት የሚጠሩበት ቃል ነው። እትዬ እስክሪብቶውን አየች፣ ልጁን አየች፣ አልተቀበለችውም።

«መነጽሬን አልያዝኩም» አለች።

መነጽር የላትም። የመርፌ ቀዳዳ በሩቅ የምታይ ሴት ናት።

«ቅዳሜ ትፈርሚያለሽ፣ ኢንሻአላህ» አላት።

«ኢንሻአላህ» አለች እሷም። ዐረቦቹ ይህን ቃል ለእምቢታም እንደሚጠቀሙበት ከእነሱ ነው የተማረችው።

ወደ ሱቁ ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ለምን አልፈረምሽም? ብሩን አትፈልጊውም?»

«እኔ የማን አክስት ነኝ?»

«አክብሮት ነው እኮ።»

«እሱ ራሱ ጢሙን የሞላ ሰው ነው። ደግሞ አክስት ይለኛል።»

«እኛስ እትዬ እንልሽ የለም?»

«እትዬ አክብሮት ነው፣ ወንድሜ። ኻላ ዕድሜ ነው» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ኋላ ላይ ሐበሻው ሁሉ ይህችን ሴት ነገሩ ከሩቅ የገባት ብልህ አድርጎ ሲያወራላት ሰምቻለሁ። እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ነገሩ ጭራሽ አልገባትም ነበር፤ ተቀይማ ነው። ቅዳሜም አልፈረመችም፤ ከዚያ ሳምንትም፣ ከዚያ ወዲያም።

ልጁ ነገሩን በክብሩ ወሰደው። አስር ዓመቷ ገና አልሞላም ነበር፤ ከዚያ በፊት ራሷ ተማርራ ብትለቅ ይተርፈው ነበር። ስለዚህ ከመለካት ሥራ አንስቶ ዐዚዚያ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል አስገባት። ሥራዋ አሮጌ መጋረጃ መፍታት ሆነ። ማቀዝቀዣ የለም፤ ማራገቢያ ከቤቷ ይዛ መጣች። የሚፈታ መጋረጃ ሲያልቅባት ከጎረቤት ክፍል አዲስ የተሰፋውን አንስታ ትፈታ ጀመር። ፓኪስታናዊው አንድ ጠዋት የሦስት ቀን ስፌቱ ክር ሆኖ ተከምሮ አገኘው።

«ኡኽቲ፣ ይሄ አዲስ ነው» አላት በሐዘን፤ እህቴ ማለቱ ነው።

«ፍቺ ተባልኩ፣ ፈታሁ» አለችው።

እሷን ያተረፏት ግን ይህ ሳይሆን የመላዝ እመቤቶች ናቸው። ልጁ ፎቶ የሚያነሳና በስልክ የሚለካ ወንድ ቀጥሮ ነበር። አንዷ በር ላይ መለሰችው። ሌላዋ ደግሞ ሱቁ ድረስ ደውላ «ሐበሻዋ የት ሄደች? የጀመርኩላትን ወሬ አልጨረስኩም» አለች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ እህቷ። በወር ጊዜ ውስጥ እትዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ መኪናዬ ውስጥ ተመልሳ ተቀመጠች። ስለ ውሉ ማንም አልተነፈሰም።

እኔ የተሰጠኝን ብር አገር ቤት ላክሁ። ወንድሜ ባጃጅ ገዛበት፤ ባጃጁ ሥራ ከሚሠራበት ጊዜ ይልቅ ጋራዥ የሚቆምበት ይበዛል። የተረፈኝ ነገር ቢኖር ወር በገባ ቁጥር የደመወዝ መልእክቱ ስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ መደወሉ ነው። አንዴ መሠረታዊው፣ አንዴ ማበረታቻው። ሁለት ደመወዝ የማገኝ ይመስለኝ ነበር። ጭማሪም አገኘሁ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም በማበረታቻው በኩል።

ኮሮና መጥቶ ሱቁ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ መጋረጃው ላይ ሲያፈጥ ከርሞ ስለነበር ሥራው በዛ። በዚያው ሰሞን ፓኪስታናዊው አባቱ ታመሙና አገሩ ሊገባ ተሰናበተ። ኺድማውን ተቀብሎ ማታ ወደ ክፍላችን ሲመጣ ፖስታውን እንደ ያዘው አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከነጫማው ነበር፤ እሱ ደግሞ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፍ አይረግጥም።

«ትንሽ ነው» አለኝ። «በጣም ትንሽ።»

ኡስታዝን ጠይቆት ነበር። ኡስታዝም የፈረመውን አስነብቦታል። ያለፉት ረጅም ዓመታት በበጉ ቀን ተከፍለው አልቀዋል፤ በዚያን ጊዜው ትንሽ ደመወዝ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ቆጠራው እንደ አዲስ ስለጀመረ በዓመት የግማሽ ወር ብቻ ናቸው፤ እሱም ከመሠረታዊው። ማበረታቻው ለኺድማ አይቆጠርም። በዚያ ቤት ግማሽ ዕድሜውን ሰፍቶ የወጣው ሰው ወረቀቱ ላይ ትናንት የተቀጠረ ነው።

ያን ጊዜ ነው የናዝሬቱ ቤቴ ሁለተኛ ፎቅ የወረደው። አንደኛውም ብዙ አልቆየም።

ፓኪስታናዊውን ተሰባስበን ትንሽ ነገር አዋጥተን ሸኘነው። ኡስታዝን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ማለት አቆምኩ። እሱም እንደ ተራ ነገር ነበር ያየው።

ከዚያ አንድ ዓርብ ምሳ በልተን ስንጨርስ የክፍላችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ኡስታዝ ነው። ዐዚዚያ፣ የእኛ ሰፈር፣ ደረጃችን ላይ። ሱሪው እስከ ደረቱ፣ ፊቱ አመድ።

«ልገባ?» አለ።

እትዬም ዓርብ ዓርብ ሽሮ ይዛልን ስለምትመጣ እዚያው ነበረች። እሷ ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ፤ ውሃ ሰጠነው፣ ጠጣ።

«እንድፈርም ጠየቀኝ» አለ።

«ምኑን?» አልኩት።

«ውሉን። እኔ የጻፍኩትን ውል። ትናንት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።»

ሳቄ መጣ፤ ልይዘው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። አብሮኝ የሚኖረው ሌላው ሠራተኛም ጀመረ። ኡስታዝ ብርጭቆውን ይዞ እስክንጨርስ ጠበቀ። ያን ጊዜ ትንሽ ወደድኩት።

«አንተን አይመለከትም ብሎኝ ነበር» አለ። «በአላህ ስም ምሎልኛል። የእኔ ኺድማ ከእናንተ ከሁላችሁ ተደምሮ ይበልጣል። አሁን ሱቁ ተጎድቷል፣ ሁላችንም ቤተሰብ ነን፣ አንተም ፈርም አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?» አለች እትዬ።

«መነጽሬን አልያዝኩም አልኩት።»

መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽሮ አቀረበችለት።

ያን ቀን ከሰዓት ኡስታዝ እንዴት እንዳታለለን በደንብ አስተማረን። ስሌቱን እኔ ከላይ እንዳስቀመጥኩት አድርጎ ያስረዳኝ እሱ ነው። በሥራው የሚኮራ ሰው ስለሆነ እያንዳንዷን ቦታ ሲያሳየን ድምፁ ደስ ደስ ይለው ነበር። «እዚህ ጋ ደመወዙን ሰነጠቅኩት። ያለፈው ዓመታችሁ ከወደፊቱ ደመወዝ ጋር እንዳይገናኝ ደግሞ እዚህ ጋ ቆረጥኩት። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ቀዳዳ አለው።»

«የትኛው ቀዳዳ?»

«ማበረታቻው። ማበረታቻ የሚባለው አንድ ወር ሲበዛ፣ አንድ ወር ሲያንስ፣ አንድ ወር ሲቀር ነው። እኔ ሰነፍኩና ለሁላችሁም በየወሩ እኩል አድርጌ ላክሁት።»

ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የሄድነው እኔን ጨምሮ ሦስት ሐበሾች፣ አንድ ባንግላዴሻዊና ኡስታዝ ነን። እትዬ የሚቀነስባት ነገር ባይኖርም የሚሆነውን ልይ ብላ አብራን መጣች። አስታራቂው ወጣት ሳዑዲ ነው፤ ጨዋ፣ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ። ወረቀቱን አነበበ፣ እንደገና አነበበ።

«ይህን ውል ማን ነው የጻፈው?» አለ።

«እኔ» አለ ኡስታዝ።

«ክሱስ የማን ነው?»

«የእኔና የእነዚህ።»

«የምትከሰው ምኑን ነው?»

«ይህን ውል።»

አስታራቂው ብዕሩን አስቀመጠ። እትዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ልጁ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደሚመጣ ስንጠብቅ በሩን ከፍተው የገቡት ሽማግሌው ናቸው፤ በከዘራ፣ ልጁን ከኋላ አስከትለው። ለካ ሱቁ እስካሁን በእሳቸው ስም ነው፤ የመጥሪያው መልእክት በቀጥታ የሄደው እሳቸው ስልክ ላይ ነበር። ተቆጥተዋል። ያስቆጣቸው ግን የእኛ ነገር አልነበረም። በዚህ ዕድሜያቸው ስማቸው ክስ ላይ መጠራቱ ነው።

አስታራቂው በትሕትና አስረዳቸው። እሱ ሊያስማማ እንጂ ሊፈርድ እንዳልተቀመጠ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከሄደ ግን ዳኛው አንድ ነገር እንደሚጠይቅ ነገራቸው። በየወሩ ሳይቋረጥ፣ ሳይበዛና ሳያንስ የሚከፈል ገንዘብ ስሙን ለምን ቀየራችሁት ይላል።

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለምን ቀየርከው?»

«የሒሳብ ሠራተኛው ነው የመከረኝ» አለ ልጁ።

«እኔ የጻፍኩት አንተ ባዘዝከኝ ነው» አለ ኡስታዝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው የማዝህን የምትሰማው?» አለው ልጁ።

ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉት። ከዚያ ለአስታራቂው «ጻፍ፣ ልፈርምና ልሂድ፣ ጉልበቴን አሞኛል» አሉት።

እንዲህ ነው ያለቀው። ማበረታቻው ተመልሶ ደመወዝ ሆነ፤ ስልኬም በወር አንዴ መደወል ጀመረ። የኡስታዝ ዓመታት ሳይነኩ ቀሩ። እኛ በበጉ ቀን የተቀበልነው ግን ቀረ። ፈርመን ወስደናል፣ በልተነዋል፤ ለአስታራቂውም ስለዚያ ስንነግረው ትከሻውን ብቻ ነቀነቀ። ግማሽ ድል ነው። እኔ በግማሹ ደስ አለኝ፣ በግማሹ ተናደድኩ። ለፓኪስታናዊው ደውዬ ነገርኩት። እሱም እዚያው ሳለሁ ለምን አልከሰሳችሁም አላለኝም። አልሐምዱሊላህ ብሎ ስለ አባቱ ነገረኝ።

ኡስታዝ ብዙ አልቆየም። ሙሉ ኺድማውን ተቀብሎ አገሩ ገባ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ጽጌረዳ ያለበት የሰላምታ ሥዕል ይልክልኛል፤ አንዳንዴ እመልስለታለሁ።

እትዬ አስር ዓመቷ ሞልቶ፣ ጥቂት ወር ጨምራ፣ መልቀቂያ አስገባች። ልጁ እንድትቆይ ለመናት፤ የመላዝ ሴቶች ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያዙት። ደመወዝ እጨምርልሻለሁም አላት። መልሷን አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ «አሁን መጨመርህ ጥሩ ነው፣ ለኺድማዬ ይገባልኛል» አለችው። እሱም ወዲያው ሐሳቡን ቀየረ። በአሮጌው ውል፣ በሙሉ ደመወዟ ተሰልቶ ተከፈላት። ከመሄዷ በፊት ዲራ ገበያ ወርቅ ቤቶች ጋ ወሰድኳት፤ ለራሷ አንድ ሐብል ገዛች፤ ለልጆቿ አይደለም፣ ለራሷ፤ ይህንንም ለሻጩ ሳይጠይቃት ነገረችው።

አሁን ደብረ ዘይት ውስጥ የመጋረጃ ሱቅ አላት። ሁለት ሴት ሰፊዎች ቀጥራለች። ባለፈው ደውላልኝ ስለ ንግዱ፣ ስለ ጨርቅ መወደድ፣ ስለ መብራት መጥፋት ካወራችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስማኝማ፣ የጡረታ መዋጮ ክፈይ ይሉኛል። ከደመወዛቸው ላይ ነው የሚታሰበው። ደመወዙን ቀነስ አድርጌ፣ የቀረውን የትራንስፖርት ብዬ ብሰጣቸውስ?»

«እትዬ» አልኳት።

«ምን አልኩ? ጠየቅሁ እንጂ።»

«እትዬ» አልኳት እንደገና። እሷም «እሺ በቃ፣ ሙሉውን እከፍላለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

እኔ እሷ በሄደች በዓመቱ ከአንዱ ከፊል ወደ ሌላው መዛወር ቀለል ሲል ወደ ሌላ ቤት ተዛወርኩ፤ ሰሜን ሪያድ፣ የሆቴል መጋረጃ የሚሠራ ድርጅት ነው። የቀጠረኝ ሶርያዊ ውሉን አቅርቦ ቡና አዘዘልኝ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ቀስ ብዬ አነበብኩ፣ ያልገባኝን ቃል ሁሉ ጠየቅኩት። ቡናው ሲቀዘቅዝ ሌላ አዘዘልኝ። በመጨረሻ «ጠበቃ ነህ እንዴ?» አለኝ። «አይደለሁም፣ መጋረጃ ሰቃይ ነኝ» አልኩትና ወደ ሁለተኛው ገጽ ገለጥኩ።